የአይሮፕላን ድምፅ በቡናው አገር

ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን፣ ቦንጋንና ማሻን የያዘው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አገር ዝናሙ የበረታ፣ ደኑ የጠነከረ፣ ወንዙ የበዛ ነው። በብዙው ስፍራ በዓመት የሚዘንመው ከ1,500 ሚሊሜትር ይበልጣል። ቡናውን ያበቀለው ይኸው ዝናም ነው፤ ቡናውን ከገበያ የለየውም ይኸው ዝናም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ወደ 350 ኪሎሜትር፣ ከጅማ እስከ ሚዛን ተፈሪ ደግሞ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ይሆናል። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን ርቀት በሰዓት ይቆጥረዋል፤ በቅሎ የጫነ ነጋዴ ግን የሚቆጥረው በሳምንት ነበር፤ ክረምት ሲገባ መቁጠሩንም ይተወው ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር ይልቁንም በክረምት ወራት፣ የሞተር ድምፅ ከምድር ከመሰማቱ በፊት ከሰማይ የተሰማበት ብዙ ስፍራ መኖሩን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያስብ ያስፈልጋል።

የአይሮፕላን ድምፅ ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የነዳት ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ከርስዋም ቀጥሎ በዚያው ወር መጨረሻ የጀርመኑ ዩንከርስ መጣ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ለማየት ወጣ እንጂ ጆሮውን የያዘ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ያው ድምፅ ሌላ ነገር ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን አይሮፕላኖች ተደበደበች፤ በሰሜኑ ጦር ሜዳም የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው የሞተር ጩኸት ማለት ወደ ጫካ መሮጥ ማለት ነበር። ከነጻነት በኋላ የአይሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ወደ ገጠር የወጡት ባለሙያዎች ያገኙት ሕዝብ ይህን የሚያስታውስ ሕዝብ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያ የካይሮ በረራ በታሪክ መጻሕፍት የሚጠቀስ ነው፤ ለአገሩ ውስጥ ኑሮ ግን ከርሱ የበለጠ ሥራ የሠራው ወደ ጅማ፣ ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላ፣ ኋላም ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒና ወደ ማጂ የተዘረጋው መሥመር ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። መሣሪያው ከዓለም ጦርነት የተረፈው ሲ-47፣ ኋላም ወንድሙ ዲሲ-3 ነበር። ይህ አይሮፕላን እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደርና ወደ 1,200 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት ሞተሮች የሚበር፣ በጭራው ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ የሚያቀና፣ ከአስፋልት ይልቅ ሣር የሚስማማው ነው። ሁለት ቶን ተኩል ያህል ሲጫን ወደ 150 ፈረሱላ ቡና ማንሣት ይችላል። ሰውና ጭነት በአንድ ጓዳ ይሄዱ ነበር፤ መንገደኛው በግድግዳው በተደረደረ አግዳሚ ወንበር ሲቀመጥ ጆንያው በመካከል ይታሰራል።

ማረፊያው ሜዳ ነበር። ሣሩ ይታጨዳል፤ ጉቶው ይነቀላል፤ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት በእንጨት ላይ ይሰቀላል። አይሮፕላኑ ሲቃረብ በመጀመሪያ በሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ በዚያ ድምፅ ከብቱና አህያው ይበረግጋል፤ እረኛውም ቀሪውን ይነዳል፤ ከዚያ ዞሮ ያርፋል። እንግዲህ ጩኸቱ ራሱ ሥራ ነበረው ማለት ነው። ለከተማውም ደወል ነበር፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ ጸሐፊ፣ መድኃኒት የሚጠብቅ ሐኪም፣ ከትውልድ አገሩ ርቆ የተመደበ አስተማሪ፣ የአዲስ አበባን የቡና ዋጋ ለመስማት የቸኮለ ነጋዴ፣ ሁሉም ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዘመን በቡናው አገር ስለ አይሮፕላን ጩኸት የተነሣ ክርክር አለመሰማቱ የሕዝቡ ጆሮ ከሌላው ስለ ጠነከረ አይደለም። ድምፁ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ሲሰማም ለሰሚው አንድ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። ሜዳውም ቢሆን አይሮፕላን በማይመጣበት ቀን ግጦሽና አቋራጭ መንገድ ሆኖ ይውል ነበር።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ለማስተያየት አንድ ነገር ላንሣ። የካይሮው በረራ ከተደረገ ልክ በሰባተኛው ሳምንት፣ ግንቦት 19 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ዶሮዎች ፍርድ ሰጠ። በኖርዝ ካሮላይና ኮዝቢ የሚባሉ ባልና ሚስት ዶሮ ያረቡ ነበር፤ እርሻቸው ግን የጦር አይሮፕላኖች በሚያርፉበት ሜዳ አፋፍ ላይ ነበረ። አይሮፕላኖቹ ከመሬቱ በላይ በ25 ሜትር ያህል እያለፉ ሲያርፉ፣ ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ተጋጭተው ወደ 150 የሚደርሱ አለቁ። ፍርድ ቤቱ የመሬት ባለቤት እስከ ሰማይ ድረስ ባለቤት ነው የሚለው የጥንት አባባል በአይሮፕላን ዘመን አይሠራም አለ፤ ነገር ግን እንዲህ ዝቅ ብሎና አዘውትሮ መብረር መሬቱን እንደ መውሰድ ስለሚቆጠር መንግሥት ካሣ ይክፈል ሲል ወሰነ። ድምፅ መሬት ሊወስድ ይችላል የሚለው ሐሳብ በሕግ ፊት የቆመው እንግዲህ አየር መንገዳችን በተወለደበት ዓመት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ የተፈተነው በዋና ከተማው ነው። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የመንገደኛ ጣቢያ ልደታ ነበር። ከተማው ግን ወደ ልደታ እያደገ መጣ፤ አይሮፕላኑም አደገ። በ1952 ዓ.ም. አየር መንገዱ ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሲያዝዝ የልደታ መንደርደሪያ እንደማይበቃቸው የታወቀ ነበር። ምክንያቱ የመሬቱ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ የሚበቃው መንደርደሪያ ለአዲስ አበባ ያጥራል። ስለዚህ ከከተማው ውጭ በቦሌ ሜዳ አዲስ ጣቢያ ተሠራ፤ ጄቶቹም በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. መጡ። ልደታ ለጦር ሠራዊት አይሮፕላኖች ቀረ። ዛሬም በዚያ በኩል ያለው ሰፈር «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል፤ መንገደኛው ከሄደ ስድሳ ዓመት ቢያልፈውም ስሙ አልሄደም።

ቦሌ በተሠራ ጊዜ ሜዳ ነበር። ወደ ቦሌ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ግን ቤትን ጠራ፤ ቤቱም ሱቅን፣ ሱቁም ሆቴልን ጠራ፤ ጣቢያውን ከጩኸት ለማራቅ የተመረጠው ሜዳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የከተማው ውድ ሰፈር ሆነ። በምሥራቅ ገርጂ፣ በደቡብ ቡልቡላ ከበቡት። ሁለተኛ መንደርደሪያ ተጨመረ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ የመንገደኞች ሕንጻ ተመረቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ያ ሕንጻ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሰፋ። ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው በሌሊት የሚነሡ ስለሆነ፣ በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው የአየር መንገዱን እድገት የሚሰማው በመኝታው ሰዓት ነው።

እርግጥ ነው፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም። «ጣቢያው ቀድሞ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የመጣችሁበት» የሚል መልስ አለ፤ መልሱም ከሞላ ጎደል እውነት ነው። በጣቢያው አካባቢ የሕንጻ ቁመት በሕግ ተወስኖ ሳለ፣ ሰው እንዳይኖርበት ግን አልተከለከለም፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። በሌላ በኩል ድምፁ ራሱ ቀንሷል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1963 ዓ.ም. ስለ አይሮፕላን ድምፅ ደንብ ካወጣ ወዲህ ሠሪዎች ሁሉ ሞተራቸውን ለማለዘብ ተገደዱ። የጄት ጩኸት የሚመጣው በኃይል የሚተፋው ትኩስ አየር ከጸጥተኛው አየር ጋር ሲላተም ስለሆነ፣ ሰፊ ማራገቢያ ያለው የዛሬው ሞተር ብዙ አየር በዝግታ እየገፋ ግጭቱን ያበርደዋል። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ አየር መንገዱ የተቀበለው ቦይንግ 787 ከጥንቱ 720ቢ ጋር ሲተያይ ድምፁ እጅግ የለዘበ ነው። ነገር ግን አንዱ ሲለዝብ ብዛቱ ይጨምራል፤ ጆሮ የሚያገኘው ዕረፍት እንዲህ እንደ ታሰበው አይደለም።

የከተማው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ጣቢያውን ወደ ፊት መግፋት። ከልደታ ወደ ቦሌ፣ አሁንም ከቦሌ ወደ ቢሾፍቱ። በ2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ግንባታው የተጀመረው አዲስ ጣቢያ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል፤ መሬቱም ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለከባድ አይሮፕላን ይመቻል። (ቢሾፍቱ በሐረር ሜዳ የአየር ኃይሉ ሰፈር ምክንያት የጄት ድምፅን ከአዲስ አበባ ቀድሞ ያወቀ ከተማ መሆኑ ያስደንቃል።) በዚያ ስፍራ ወደ 2,500 የሚደርሱ የገበሬ ቤተሰቦች ከመሬታቸው መነሣት ነበረባቸው። በጩኸቱ የተማረረው የከተማ ነዋሪ ዕረፍት ሲያገኝ፣ መሬቱን የሚለቀው ግን ጩኸቱን ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ ማሳው የተወሰነውን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የሚሰማው ባለማሳው ነው።

ገበሬውን በመጨረሻ ማሰማት የሚያስከትለውን ጃፓን አይታለች። የቶኪዮን ጣቢያ ጭንቀት ለማቃለል መንግሥት በ1958 ዓ.ም. ናሪታን ሲመርጥ ገበሬዎቹን አላማከረም። ገበሬዎቹም ከተማሪዎች ጋር ሆነው ታገሉ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው መንደርደሪያ በ1994 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ርዝመቱ 2,500 ሜትር እንዲሆን ታስቦ ሳለ፣ መሬታቸውን አንለቅም ባሉ ጥቂት ሰዎች ምክንያት 2,180 ሜትር ላይ ቆመ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ አይሮፕላኖችም ናሪታ ያርፋሉ።

አሁን ወደ ቡናው አገር እንመለስ። ዲሲ-3 ሄዶ በ1970ዎቹ ማብቂያ ባለ 19 ወንበሩ ትዊን ኦተር ተተካ፤ መኪና መንገዱ እየተሻለ ሲሄድ ግን ብዙው የሣር ሜዳ ዝም አለ። ጅማ አስፋልቱን አሰፋ፤ በቅርብ ዓመታትም በሚዛን አማንና በጎሬ መቱ ለትልልቆቹ የአገር ውስጥ አይሮፕላኖች የሚሆን ማረፊያ ሥራ ተጀመረ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል ቢሮዎቹን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ስለ ከፈለ፣ የአይሮፕላን ፍላጎቱ የባለሥልጣን ምቾት ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል።

ነገር ግን ከአሁን ወዲህ የሚመጣው ማረፊያ እንደ ጥንቱ ሜዳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከስፍራው የተነሣ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ምትክ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በቡናው አገር ተመጣጣኝ የሚለውን ቃል መተርጐም ግን ከጤፍ ማሳ ይልቅ ይከብዳል። የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥራት ዓመታት ይለቀማል። ከሥሩ እንሰት፣ ከበላዩ የጥላ ዛፍ፣ በዛፉ ላይ ቀፎ አለ። አንድ ማሳ ብሎ የሚመዘግበው ጸሐፊ ከነዚህ የትኛውን እንደ ቆጠረና የትኛውን እንደ ተወ ማየት የአስተዳዳሪው ሥራ ነው፤ ያም ሥራ መሐንዲሱ ችካሉን ከመትከሉ በፊት መሠራት አለበት።

ሌላው አጥሩ ነው። የጥንቱን ሜዳ እረኛው ከነከብቱ ያቋርጠው ነበር፤ ሴቶቹም ውኃ ሊቀዱ፣ ገበያተኛውም ጭነቱን ይዞ ያልፍበት ነበር። ፈጣን አይሮፕላን ከብት ያለበት ስፍራ ሊያርፍ ስለማይችል የዛሬው ማረፊያ ይታጠራል፤ ይህም ትክክል ነው። መንደርደሪያው 2,500 ሜትር ቢሆን ግን፣ ከመካከሉ ትይዩ የሚኖር ሰው ማዶ ወዳለው ምንጭ ለመድረስ በአጥሩ ጫፍ ዞሮ ቢያንስ 2,500 ሜትር ይሄዳል፤ እንስራዋን ተሸክማ ለምትመለሰውም ያው 2,500 ሜትር ይጠብቃታል።