የጎልፍ ዱላዎች የርቀት ክፍተት፦ ምንነቱ፣ አለካኩና አሞላሉ

በገና ጨዋታ አንድ ተጫዋች የሚይዘው አንድ ዱላ ብቻ ነው። ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ካለ እንጨት ተመርጦ የተቆረጠው ያው ዱላ ሩሯን ቅርብም ሩቅም ይመታል፤ ርቀቱን የሚወስነው የመቺው ክንድ ነው። የጎልፍ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ተጫዋቹ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት አመታት እንዲይዝና ርቀቱን ዱላ በመቀያየር እንዲለዋውጥ ይፈለጋል። ስለዚህም በቦርሳው ውስጥ ብዙ ዱላ ይይዛል፤ እያንዳንዱም ዱላ የራሱ ርቀት አለው። በአንዱ ዱላ ርቀትና በሚቀጥለው ዱላ ርቀት መካከል ያለው ልዩነት ከሚገባው በላይ ሲሰፋ የርቀት ክፍተት ተፈጠረ ይባላል።

ጎልፍ በድሬዳዋ እንደ እግር ኳስ በየሰፈሩ የሚዘወተር ጨዋታ አይደለም። በአገራችን ስሙ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው በመዲናዋ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ያገለገለ የዱላ ቦርሳ ይዞ ሊመጣ፣ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ወጣት ጨዋታውን ሊለምድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ልግዛ የሚለውን ነው። ዱላ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ሳይለኩ መግዛት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ዱላዎችን በአንድ ቦርሳ ማስቀመጥን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በጣም የሚያስፈልገውን ሳይገዙ መቅረትን ያስከትላል።

ርቀቱ ከየት ይመጣል

የዱላው ፊት ከቀጥታ ቁመቱ ወደ ኋላ ያዘነበለበት መጠን ሎፍት ይባላል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። ፊቱ ቀጥ ያለ ዱላ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ወደ ሩቅ ይሰዳታል፤ ፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመ ዱላ ከፍ አድርጎ ያነሣትና ቅርብ ላይ ያሳርፋታል። በዶማ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ብረቱ በእጀታው ላይ ጥቂት ሲዛባ ያው ጉልበት አፈሩን በሌላ መንገድ እንደሚያነሣ ያውቃልና። ሁለተኛው ምክንያት የዘንጉ ርዝመት ነው። ረጅም ዘንግ ራሱን በፍጥነት ስለሚያዞር ኳሷን ያርቃል፤ በአንጻሩ በትክክል ለመምታት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚርቀው ድራይቨር የሚባለው ሲሆን ሎፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ቀድሞ ከእንጨት ይሠሩ ስለነበር ዛሬም ውድ ተብለው የሚጠሩት ይመጣሉ፤ 3 ቁጥሩ 15 ዲግሪ ገደማ፣ 7 ቁጥሩ 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃይብሪድ የሚባሉት በውድና በአይረን መካከል ያሉ ናቸው። አይረኖች ከብረት የተሠሩና በቁጥር የሚለዩ ሲሆኑ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ርቀቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ ዌጆች ይመጣሉ። ዌጅ ማለት ሽብልቅ ማለት ነው፤ ከኳሷ ሥር ገብቶ ስለሚያነሣት ስሙ የተገባ ነው። ፓተር ኳሷን በሣሩ ላይ የሚያንከባልል በመሆኑ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ከጠቅላላው ቁጥር ግን ይቆጠራል።

የቁጥሩ ገደብ 14 ነው። ይህን ደንብ የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በ1938፣ የስኮትላንዱ የቅዱስ አንድሩስ ክለብ በ1939 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ ላይ አውለውታል። ከዚያ በፊት ከ20 በላይ ዱላ የሚያሸክሙ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሸክሙም የዱላ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ነበር። 14 ከፍተኛው እንጂ ግዴታው አይደለም። ለጀማሪ 10 ወይም 11 በደንብ የተመረጡ ዱላዎች ይበቃሉ።

በዱላው ላይ የተጻፈው ቁጥር አይታመንም

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው በዱላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የተሠራ 7 ቁጥር አይረን 35 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከሚሸጡት መካከል 30 ዲግሪና ከዚያም በታች የሆኑ አሉ። አምራቾች የዱላውን ክብደት ወደ ታች በማውረድ ኳሷ በትንሽ ሎፍት እንድትነሣ ማድረግ ችለዋል፤ በዚህም ገዢው በ7 ቁጥሩ ከበፊቱ አርቆ እንደመታ አይቶ ይደሰታል። ከጓደኛው 7 ቁጥር ጋር ርቀት የሚያወዳድር ተጫዋች እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ዱላዎችን እያወዳደረ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለውጥ ከታች በኩል ቀዳዳ ከፍቷል። ፒቺንግ ዌጅ የሚባለው ቀድሞ ከ48 እስከ 50 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ በአዳዲሶቹ ስብስቦች ግን ወደ 44 ዲግሪ ዝቅ ብሏል። ኳስን ከአሸዋ ጉድጓድ የሚያወጣው ሳንድ ዌጅ ግን ከ54 እስከ 56 ዲግሪ ላይ ጸንቶ ቀርቷል፤ አሸዋው አልተለወጠምና። ይህን ዱላ ያስፋፋው አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን ሲሆን በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ባሸነፈበት ውድድር ተጠቅሞበታል። በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን የ12 ዲግሪ ባዶ ቦታ ለመሙላት ከ50 እስከ 52 ዲግሪ ያለው ዌጅ ተጨመረ፤ ስሙም ጋፕ ዌጅ፣ ማለትም የክፍተት ዌጅ ሆነ።

አለካኩ

ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። ሰው፣ ከብትና ተሽከርካሪ የማይተላለፍበት ሰፊ ገላጣ ሜዳ ያስፈልጋል። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም የማትሞላ ትንሽ ነገር ብትሆንም ጠንካራ ናት፤ ሰው ላይ ካረፈች ክፉኛ ትጎዳለች። ስለሆነም የደቻቱ አሸዋ በክረምት ካልሆነ ደረቅ ነው ተብሎ ሕዝብ በሚመላለስበት በዚያ ሥፍራ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ሰዓቱ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋስም ሙቀትም አይበረታምና።

በእያንዳንዱ ዱላ 10 ኳስ ይመታል። ጥቅም ላይ የሚውለው ቁጥር ኳሷ የቆመችበት ሳይሆን ያረፈችበት ቦታ ነው። በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ኳስ እየነጠረች ሌላ 20 ሜትር ልትሄድ ትችላለች፤ በለመለመ ሣር ላይ ግን ጥቂት ተንከባልላ ትቆማለች። የተበላሹት ምቶች ተጥለው የቀሩት በብዛት ያረፉበት መሐል ይወሰዳል። ከሁሉ የራቀችውን አንዲት ኳስ የዱላው ርቀት ነው ብሎ መመዝገብ ራስን ማታለል ነው፤ እንዲያም ሆኖ ብዙዎች የሚመዘግቡት እሷን ነው። ለመለኪያ ሜትር ከሌለ የእርምጃን ልክ አስቀድሞ በ100 ሜትር የሩጫ መስመር ላይ ማስተካከል ይቻላል። የውጭ መመሪያዎች በያርድ ስለሚጽፉ 100 ያርድ 91 ሜትር ገደማ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

እንበልና አንድ ሰው የተላከለት ቦርሳ ድራይቨር፣ 3 ቁጥር ውድ፣ ከ5 እስከ 9 ያሉ አይረኖች፣ 44 ዲግሪ ፒቺንግ ዌጅ፣ 56 ዲግሪ ሳንድ ዌጅና ፓተር ይዟል፤ በድምሩ 10 ዱላ። በድሬዳዋ ሲለካ ድራይቨሩ 188፣ ውዱ 172፣ 5 ቁጥሩ 143፣ 6 ቁጥሩ 139፣ 7 ቁጥሩ 130፣ 8 ቁጥሩ 120፣ 9 ቁጥሩ 109፣ ፒቺንግ ዌጁ 98፣ ሳንድ ዌጁ 70 ሜትር ሆነ። መካከለኛ ጉልበት ላለው ሰው በዱላና በዱላ መካከል ከ9 እስከ 14 ሜትር ያለው ልዩነት ጤናማ ነው። ከ6 እስከ 9 ቁጥር ያሉት በሥርዓት ተሰልፈዋል። በ98 እና በ70 መካከል ግን 28 ሜትር ባዶ አለ፤ በ172 እና በ143 መካከልም 29 ሜትር። በአንጻሩ 5 ቁጥሩና 6 ቁጥሩ በ4 ሜትር ብቻ ስለሚለያዩ አንዱ ትርፍ ነው።

የታችኛው ክፍተት ይቅደም። በ85 ሜትር ላይ የቆመ ይህ ሰው ፒቺንግ ዌጁን አለዝቦ ወይም ሳንድ ዌጁን ከጉልበቱ በላይ መምታት ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱም ለጀማሪ አስቸጋሪ ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ከ100 ሜትር በታች የሚመታው ብዛት ስላለው እዚህ ላይ የወጣ ገንዘብ ቶሎ ይመለሳል። የ50 ዲግሪ ዌጅ ቢጨመር ወደ 84 ሜትር ይመታና 28ቱን ለሁለት እኩል ይከፍለዋል። 48 እና 52 ዲግሪ የሆኑ ሁለት ዱላዎች ገዝቶ ክፍተቱን ለሦስት መክፈልም ይቻላል፤ ነገር ግን በ9 ሜትር ልዩነት በትክክል መምታት ላልቻለ ሰው ሁለተኛው ዱላ ጌጥ ነው።

የላይኛው ክፍተት የሚሞላው በሌላ መንገድ ነው። 5 ቁጥር አይረኑ ከ6 ቁጥሩ ብዙም ያልራቀው ተጫዋቹ ሎፍቱ ባነሰ አይረን ኳሷን በአየር ላይ ለማቆየት የሚበቃ ፍጥነት ስለሌለው ነው። ስለዚህ 4 ቁጥር አይረን ቢገዛም ችግሩ ያው ነው። 5 ቁጥሩን አውጥቶ 7 ቁጥር ውድ ወይም 22 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሃይብሪድ መተካት ይሻላል፤ የእነዚህ ራስ ሰፊና ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ያደላ በመሆኑ ኳሷን በቀላሉ ያነሣል። በ155 ሜትር አካባቢ የሚመታ ቢገኝ ከሁለቱም ወገን 16 ገደማ ሜትር ይቀራል፤ በረጅም ዱላዎች ዘንድ ይህ የሚታገሡት ልዩነት ነው። እንግዲህ ሰውየው የገዛው ሁለት ዱላ ብቻ ነው፤ ቦርሳውም 11 ዱላ ይዞ ከ14ቱ ገደብ በታች ይቆያል።

ጅቡቲ፣ ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ

ለኛ አካባቢ ሰው ከውጭ መጻሕፍት ይልቅ የሚጠቅመው ዕውቀት የከፍታ ጉዳይ ነው። በባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ኳሷን የሚይዛት ተቃውሞ ይቀንሳል። በተለመደው ግምት መሠረት ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ርቀቱ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ከላይ የተጠቀሰው 7 ቁጥር በድሬዳዋ 130 ሜትር የሚመታ ከሆነ በጅቡቲ 124፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 136 ሜትር ይመታል ማለት ነው። በባቡሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሙሉ ዱላ ልዩነት ነው። የአየር አለመኖር ምን እንደሚሠራ ለማየት የወደደ ሰው በ1971 ጨረቃ ላይ ኳስ የመታውን ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድን ያስታውሳል፤ የተጠቀመውም የ6 ቁጥር አይረን ራስ ነበር።

የድሬዳዋ ሙቀትም በበኩሉ አየሩን ስለሚያሳሳ ጥቂት ሜትሮች ይጨምራል። ከፍታ የዱላዎቹን ቅደም ተከተል አያፋልስም፤ ሁሉንም በአንድነት ይገፋቸዋል። በመሆኑም በድሬዳዋ ተለክቶ የተሞላ ቦርሳ በአዲስ አበባም የተሞላ ነው፤ የሚለወጠው በማስታወሻው ላይ የሠፈረው ቁጥር ነው። በሳሳ አየር ኳስ ዝቅ ብላ የምትበርና ወደ ጎንም እምብዛም የማትጠመዝዝ መሆኗ ግን ከዚህ ጋር መታወቅ አለበት።

መሬቱና ያገለገለ ዱላ

ዌጅ ሲመረጥ ከሎፍቱ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። የዱላው ታችኛ ክፍል ወደ መሬት ያበጠበት መጠን ባውንስ ይባላል፤ እሱም በዲግሪ ይጻፋል። እብጠቱ የበዛ ዌጅ በልል አሸዋና በወፍራም ሣር ላይ እንዳይሰምጥ ይረዳል። ፀሐይ ባደረቀው ጠንካራ መሬት ላይ ግን ነጥሮ የኳሷን ወገብ ይመታና ካሰቡት በላይ ዝቅ ብላ እንድትፈተለክ ያደርጋል። ለደረቅ መሬት ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ባውንስ ያለው ይስማማል። ለዝናባማና ለለመለመ ሜዳ ከ10 በላይ የሆነው ይሻላል። በድሬዳዋ ተለማምዶ በአዲስ አበባ ክረምት የሚጫወት ሰው መሐለኛውን ቢይዝ አይጎዳም።

ያገለገለ ዱላ ከመግዛት በፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው የግራኝ ወይስ የቀኝ እጅ መሆኑ ነው፤ ይህ ተራ ነገር ቢመስልም ዱላ በፎቶግራፍ ብቻ ታይቶ ሲገዛ ይዘነጋል። የካርቦን ዘንግ በጣት እየተዳሰሰ ስንጥቅ እንደሌለበት ይፈተሻል፤ የብረት ዘንግ ደግሞ ከራሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዝገት ይታያል። በዌጁ ፊት ላይ ያሉት ጭረቶች በጥፍር ሲነኩ የማይሰሙ ከሆነ አልቀዋል፤ ኳሷ አርፋ ቶሎ አትቆምም። የጎማው መያዣ በሙቀት የደረቀና የሚያንሸራትት ቢሆን ግን ዱላውን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ መያዣ ተገፍፎ በአዲስ ይተካል። ሎፍቱ በዱላው ላይ ያልተጻፈ ከሆነ የተሠራበትን ዓመትና የሞዴሉን ስም ከሻጩ ተቀብሎ በአምራቹ ዝርዝር ማረጋገጥ ይቻላል። ይህ ካልተቻለም ዱላውን ከራስ 9 ቁጥር አጠገብ አስቀምጦ የሁለቱን ፊት ማስተያየት ለግምት ይበቃል።