ያለ መፍቻ የሚወልቀው ጎማ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ፈረስና ሞተርሳይክል አንድ መንገድ ይጋሩ ነበር። ከፈረስ ኮቴ የወደቀ ሚስማር ለባለሞተሩ አይራራም።

የፊቱ ጎማ ቢተነፍስ ብዙም አያስጨንቅ። መከራው የኋላው ነው። ካቴናው ይፈታል፣ የፍሬኑ ዘንግ ይላቀቃል፣ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ከዚያ ጎማው በፓራፋንጎው ሥር ይወጣል፣ ፓራፋንጎው ካሳለፈው። መመለሱ ይብሳል። ጎማው ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር ካልቆመ ሞተሩ ወደ ጎን ይስባል፤ ካቴናው ከላላ ይወልቃል፣ ከከረረ ኩሽኔታ ይበላል። የካቴናውን መጋጠሚያ የምትይዘው ትንሿ ክሊፕ እንኳ ድፍኑ ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ይህን ሁሉ በዝናብ፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ማሰብ ነው።

ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው አር 32 ካቴናውን ጨርሶ አስቀርቶ ኃይሉን በዘንግ አስተላለፈ። በ1946 የመጣችው ቬስፓ ደግሞ ጎማዋ እንደ መኪና በአንድ ጎን ብቻ የሚታሰር ስለነበር ቅያሪ ጎማ ይዞ መሄድ ተቻለ፤ ንድፍ አውጪዋ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር።

ከሁሉም ለባለሞተሩ ያሰበው ግን ፊሊፕ ቪንሰንት ይመስላል። በ1928፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ አርጀንቲና ውስጥ ከብት በሚያረባው ቤተሰቡ ገንዘብ ኤች.አር.ዲ. የተባለውን የሞተርሳይክል ስም ገዝቶ ስቲቨኔጅ ከተማ ሥራ ጀመረ። ከአውስትራሊያዊው መሐንዲስ ፊል ኧርቪንግ ጋር የሠራው ባለ 998 ሲሲ ራፒድ ካቴናውን አልተወም፤ መፍቻውን እንጂ። በአክስሉ ጫፍ በእጅ የሚዞር አግዳሚ ዘንግ አለ። ፓራፋንጎው በማጠፊያ ወደ ላይ ይነሳል። ፍሬኑም ካቴናውም በጣት ይስተካከላሉ። የሚያስገርመው ደግሞ ጎማው ተገላባጭ መሆኑ ነው፦ በግራና በቀኙ መጠናቸው የተለያየ ባለጥርስ ቀለበቶች ስለሚገጠሙበት፣ ሳይድካር የሚጎትት ሰው ጎማውን አዙሮ ጉልበት ያገኛል።

ዓለም ቪንሰንትን የሚያስታውሰው በሌላ ነው። በመስከረም 1948 አሜሪካዊው ሮሊ ፍሪ የዋና ቁምጣ ብቻ ለብሶ፣ ቪንሰንት ሞተር ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ በቦነቪል የጨው ሜዳ በሰዓት 242 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። ፎቶው እስከ ዛሬ ይዞራል።

እንደ ራፒድ ያለ አሠራር ወጪው ከባድ ነው። የቪንሰንት ፋብሪካ በኪሳራ ተዳክሞ በ1955 መጨረሻ ሞተርሳይክል ማምረቱን አቆመ።