ከታቦር መውረድ

ሐዋሳ ውስጥ ታቦር ላይ የወጣ ሰው ሐይቁንም ከተማውንም ቁልቁል ያያል። ስሙን የሚጋራው፣ ኢየሱስ መልኩ ተለወጠበት ተብሎ በትውፊት ከሚነገርለት ተራራ ጋር ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ብለን የምናከብረውም ያንኑ ነው። ጴጥሮስ ክብሩን ሲያይ «ዳስ እንሥራና እዚሁ እንቅር» ዓይነት ሐሳብ አመጣ። ግን ወረዱ። ታች የጠበቃቸው የታመመ ልጁን ይዞ የሚለምን አባት ነበር።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ «ሰርቨር» ሲተረጎም አገልጋይ ማለት ነው፤ ሥራው ለጠየቀው መመለስ ነው፣ በቃ። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ግን «አገልጋይ» ማዕረግ እየሆነ ነው። ፖስተር ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ የፊት ወንበር ይያዝለታል። ቃሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የቄስ ጉዲና ቱምሳን ታሪክ ማንበብ ይበቃል።

ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1929 ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በ1966 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እዚህ ሐዋሳ ያለው ታቦር ወንጌላዊ ኮሌጅም የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጻፈች። ለጋሾቹ ለልማት ሥራ ገንዘብ ለመስጠት ዝግጁ ነበሩ፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥር ነበር። የደብዳቤው ክርክር ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም የሚል ነው። ገንዘብ ለሚሰጥህ ሰው ይህን መንገር ቀላል አይደለም። ክርክሩ ደግሞ ለእኛም ይሠራል፦ «ነፍሴ ድናለች» ብሎ የጎረቤቱን ረሃብ የሚያልፍም ያው ሰውን ለሁለት ከፍሏል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቄስ ጉዲና ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና ታሰሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፈኑ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ፤ ተሰቃዩም።

ዛሬ ስለ «መለወጥ» ብዙ ይሰበካል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ተራራው ላይ ስላለው ነው፤ ስለ ራእዩ፣ ስለ ዕንባው፣ ስለ ከፍታው። ያ ውሸት ነው አልልም። ግን ሰው መለወጡ የሚታወቀው ከተራራው ሲወርድ፣ ያ አባት ልጁን ይዞ ሲጠብቀው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አገልጋይ» ተብሎ ሲጠራ ስትሰሙ ቀለል ያለች ጥያቄ ጠይቁ፦ የማን? መልሱ ስም ካለው፣ ለዚያ ሰው ሲል የሚከፍለው ነገር ካለ፣ ቃሉ ቦታውን አግኝቷል።