ከመጠየቅ እስከ መወሰን፦ የቺካጎ ወላጆች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1987 የቺካጎ መምህራን ለ19 የትምህርት ቀናት ሥራ አቆሙ። የተቆጡት ወላጆች ያሳደሩት ግፊት በቀጣዩ ዓመት የኢሊኖይን የትምህርት ማሻሻያ ሕግ አስገኘ። በየትምህርት ቤቱ የሚመረጠው ምክር ቤት ርእሰ መምህሩን የመቅጠርና በጀቱን የማጽደቅ ሥልጣን ተሰጠው። 6 መቀመጫዎች የወላጆች ሆኑ፤ ዜግነት የሌለው ስደተኛ ወላጅም መምረጥና መመረጥ ቻለ።

የ1995ቱ ሕግ ግን የከተማውን የትምህርት ቦርድ በከንቲባው እጅ አስገባ። በ2013 ቦርዱ ሕዝባዊ ስብሰባዎች ከተካሄዱና ነዋሪዎች አጥብቀው ከተቃወሙ በኋላ 50 ያህል ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ወሰነ። በ2015 የዳየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ለማስቀጠል የታገሉ ነዋሪዎች ለ34 ቀናት የረሃብ አድማ መቱ። ትምህርት ቤቱ በ2016 ዳግም ተከፈተ፤ የተተገበረው ዕቅድ ግን እነርሱ ያዘጋጁት አልነበረም።

በሁለቱም ዘመን ሕዝቡ ተናግሯል፤ የተለየው የንግግሩ ክብደት ነው። በፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ አንድ የስብሰባ ምሽት የገቢ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው አስቀድሞ ካለቀ፣ ከስብሰባው መቅረቱ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ስለዚህ የተሳትፎ መለኪያው የተሰብሳቢው ብዛት ሳይሆን ለተሰብሳቢው የተተወለት ውሳኔ ነው።