የነፃ ትምህርት ዋጋ፤ በገዳሪፍና በጠረፉ አገር የሕፃናት ትምህርትና የወላጆች መዋጮ ታሪክ

«ነፃ ትምህርት» የሚለው ቃል በጆሮ ሲሰማ ያማረ፣ በሕግ ላይ ሲጻፍም ክብር ያለው ቃል ነው። ነገር ግን ታሪኩን ቀርቦ ለሚመረምር ሰው ትምህርት ያለ ዋጋ ተሰጥቶ አያውቅም፤ የሚለዋወጠው ከፋዩ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ባለርስቱ፣ ሌላ ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ሌላ ጊዜ የውጭ ዕርዳታ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ስሙ ሳይጠራ ወላጁ ሲከፍል ኖሯል። መንግሥት የአስተማሪውን ደመወዝ ችሎ ትምህርቱ ነፃ ነው ብሎ ካወጀ በኋላ፣ የጠመኔ፣ የውሃ፣ የምንጣፍ፣ የዘበኛ እየተባለ ከወላጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከየት መጣ? ማንንስ ከደጅ አስቀረ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በገዳሪፍና በመተማ ጠረፍ ባለው አገር ታሪክ መመርመር፣ ይልቁንም ለአንደኛ ክፍል ገና ያልደረሱትን ሕፃናት ነገር ማመልከት ነው። የሁለቱን አገሮች ታሪክ ለማስተያየት እንዲመች ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ገዳሪፍ በአትባራና በራሃድ ወንዞች መካከል በተንጣለለው ጥቁር አፈር ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ቀድሞ በሹክሪያ ነገድ አለቆች ስም «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር። ከርስዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ገላባትና መተማ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1889 ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚሁ ስፍራ ነው። ድንበሩ በ1902 ዓ.ም. ውል ከተወሰነ በኋላ ጦርነቱ የነበረበትን መንገድ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ወረሰው። በ1920ዎቹ የምድር ባቡር ገዳሪፍ ገባ፤ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በትራክተር የሚታረሰው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ እየሰፋ ሄደ። በየዓመቱም ከኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ሰው ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ይወርድ ጀመር።

ይህ የእርሻ ነገር ከሕፃናት ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ቅርብ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው የያዘው ቅርፊት ይከፈታልና ጥቂት ቀን ቢያልፍበት ሀብቱ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አጨዳው ቀጠሮ አይሰጥም። እናትም አባትም በማለዳ ወደ እርሻ ሲወጡ ሕፃኑን የሚጠብቀው ማን ነው? በዚህ አገር የመዋዕለ ሕፃናት ጥያቄ የከተማ ቅንጦት ሳይሆን የእንጀራ ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት ቤት አስቀድሞ በጠረፉ ማዶና ማዶ ሁለት የልጆች ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በሱዳን በኩል ኸልዋ፣ በኢትዮጵያ በኩል የቄስ ትምህርት ቤት። በሁለቱም ዘንድ የእግዚአብሔር ቃል በገንዘብ አይሸጥም የሚል እምነት ነበረ። ሆኖም መምህሩ መብላት ነበረበት። በኸልዋ ልጆቹ የሌሊቱን የንባብ እሳት ማገዶ ይለቅማሉ፤ ከቁርአኑ የታወቀ ክፍል በፈጸሙ ጊዜም «ሸረፋ» በሚባለው በዓል ወላጆች ለፈኪው ስጦታ ያቀርባሉ። በእኛም ዘንድ ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጆች ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብሩታል። ይህ መዋጮ ሁለት መልካም ባሕርያት ነበሩት። አንደኛ፣ እንደ አቅም የሚሰጥ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ልጁ ከተማረ በኋላ እንጂ ከመግባቱ በፊት እንደ በር ቁልፍ የሚጠየቅ አልነበረም። ድሀው ማገዶ በመልቀም ያለቀማኝ ይማር ነበር።

በሱዳን የእንግሊዝና የግብፅ አገዛዝ ከቆመ በኋላ ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ። በ1907 ሼክ ባቢክር በድሪ በሩፋዓ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከገዛ ቤታቸው ነበሩ፤ የአንድ አስተማሪ ድፍረት የግምጃ ቤትን ዳተኝነት የቀደመበት ሥራ ነው። በ1934 የተቋቋመው የበኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ደግሞ ለገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ማዘጋጀት ጀመረ። በኢትዮጵያም በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከነፃነት በኋላም በ1947 የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። ይህ ግብር ሊታሰብበት ይገባል። በእርሱ ትምህርት የሚከፈለው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳይሆን በግብር መዝገብ ላይ ነበርና፤ ልጅ ያለውም የሌለውም፣ ባለ መሬት ሁሉ ተካፈለው። ነፃ ትምህርት ማለት በእውነቱ ይህ ነው፤ ዋጋው ጠፋ ማለት ሳይሆን ከልጁ ጫንቃ ወርዶ የሁሉ ሸክም ሆነ ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን ግን ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ተመለሰ። ሱዳን በ1990ዎቹ የፌዴራል አስተዳደር ስታቆም፣ ገዳሪፍም በ1994 ራሱን የቻለ ክፍለ አገር ሲሆን፣ የመሠረታዊ ትምህርት ወጪ ለክፍላተ አገርና ለአካባቢ አስተዳደሮች ተላለፈ። የ2005 ዓ.ም. ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ እንዲሆንና መንግሥት በነፃ እንዲሰጠው ቢደነግግም፣ የአካባቢው ካዝና ከደመወዝ የሚተርፍ ገንዘብ ስላልነበረው የትምህርት ቤቱን የዕለት ወጪ የወላጆች ጉባኤ መሸፈን ጀመረ። «ረውዳ» የሚባለው የሕፃናት ማቆያማ ከመጀመሪያው በአብዛኛው በወላጅ ክፍያና በማኅበር ርዳታ የቆመ ነበር።

በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1994 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት የመንግሥት ኃላፊነት ሲያደርግ፣ መዋዕለ ሕፃናት ግን ለግል ባለሀብቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለማኅበራት ተተወ። በዚህ ምክንያት አፀደ ሕፃናት ለረጅም ዘመን የከተማ ሰዎች ርስት ሆኖ ቆየ። በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ያወጡት ማዕቀፍ በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ኦ ክፍል» እንዲከፈት በር ከፈተ። ክፍሉ ተገኘ፤ ነገር ግን ክፍል ብቻውን ሕፃን አያስተምርም። የአምስት ዓመት ልጅ ንጣፍ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አንዳች ቁርስ፣ የሚንከባከበውም ሰው ይፈልጋል። እነዚህ በበጀት ላይ ሳይጻፉ ሲቀሩ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል ስም በወላጅ ላይ ይጻፋሉ።

በስደተኞች ሰፈር ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። ኡም ራኩባ በ1976 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ቦታ ነው፤ በ1984 እና በ1985 ረሀብ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተጨናንቆበታል፤ ከኅዳር 2020 ጀምሮም በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከ60,000 የማያንሱ ሰዎች ወደ ሱዳን ሲሻገሩ እርሱና አዲሱ ቱናይድባ እንደገና ሰፈር ሆኑ። የ1951 ዓ.ም. የስደተኞች ስምምነት በ22ኛው አንቀጽ ስደተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ አገሬው ሰው እንዲታይ ያዝዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ሆኖም አገሬው ራሱ መዋጮ የሚከፍል ከሆነ እኩልነቱ በክፍያም እኩል መሆን ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ሕጉ ይህን እኩልነት የሚያዝዘው ለመጀመሪያ ደረጃ ነው እንጂ ከዚያ በታች ላለው ሕፃን አይደለም።

ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በታኅሣሥ 2023 ወድ መዳኒ ስትያዝ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ የመማሪያ ክፍሎችም ማደሪያ ሆኑ። ሱዳናውያንም በበኩላቸው መተማን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ደመወዝ በተቋረጠበት ቦታ የወላጅ መዋጮ የትምህርት ቤቱ ማሟያ መሆኑ ቀርቶ ሁለንተናው ይሆናል። ይህን አይቶ በአስተማሪው ላይ መፍረድ አይገባም፤ የተራበ አስተማሪ የተራበን ሕፃን በነፃ እንዲያቆይ የሚያዝዝ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል።

ይህ ችግር የድሆች አገሮች ብቻ ነው እንዳይባል ወደ እንግሊዝ እንመልከት። በዚያ መንግሥት ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት በሳምንት 15 ሰዓት የመዋዕለ ሕፃናት ወጪ ከ2010 ጀምሮ ይከፍላል፤ በ2017 ሥራ ላላቸው ወላጆች 30 ሰዓት ሆነ፤ ከመስከረም 2025 ወዲህም ይኸው ከዘጠኝ ወር ዕድሜ ጀምሮ ላሉት ተስፋፋ። ሆኖም መዋዕለ ሕፃናቱ የመንግሥቱ ክፍያ ወጪያችንን አይሸፍንም እያሉ ለምሳ፣ ለሽንት ጨርቅና ለልዩ ልዩ ትምህርት ተጨማሪ ያስከፍላሉ። የመንግሥቱ መመሪያ የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ ተጨማሪው ክፍያ በፈቃድ እንጂ የሕፃኑ መግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ በሀብታም አገርም ቢሆን መንግሥት ለሰዓቱ ከሚያስፈልገው በታች ሲከፍል ጉድለቱ ሌላ ስም ለብሶ ከወላጅ ዘንድ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? አስቀድሞ፣ መዋጮ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሕዝብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ድንጋይና እንጨት ሲያቀርብ የራሱ ያደርገዋልና። ክፉው «በፈቃድ» ተብሎ ተጠርቶ በግድ የሚሰበሰበው ነው። ፈቃድ ለመሆኑ መለኪያው አንድ ነው፤ ያልከፈለው ልጅ ከከፈለው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም? ሁለተኛ፣ ያልተከፈለ መዋጮ ሁልጊዜ ከፋይ አለው። ታናሹ ሕፃን ከኦ ክፍል ሲመለስ እናት ከአጨዳ አትቀርም፤ የምትቀረው ታላቅ እኅቱ ናት፤ ከአራተኛ ወይም ከአምስተኛ ክፍል። ከአንዱ ሕፃን የተፈለገው ጥቂት ብር በሌላይቱ ልጅ የትምህርት ዘመን ተከፈለ ማለት ነው። መዝገባችን ይህችን ልጅ «አቋረጠች» ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱን ግን አይጽፍም።

ስለዚህ በዚህ የማኅበራችን መታሰቢያ መጽሐፍ ለሥራ ባልደረቦቼና ለትምህርት ኃላፊዎች ጥቂት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መዋጮ ሁሉ በስሙና በልኩ ተዘርዝሮ በግልጽ ይለጠፍ፤ የተሰበሰበውና የወጣውም በወላጅና መምህር ኅብረት ፊት ይነበብ። ሁለተኛ፣ አስተማሪ ገንዘብ ተቀባይ አይሁን፤ በማለዳ ገንዘብ የጠየቀውን ሕፃን ከዚያ በኋላ ፊደል ሊያስወድደው ይቸግራልና። ሦስተኛ፣ በአጨዳ ወራት ለቀን ሠራተኞች ልጆች ከማናቸውም ክፍያ ነፃ የሆነ ቦታ ይጠበቅ። አራተኛና ዋናው፣ ነፃ የምንለው አንድ ሰዓት በእውነት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይቈጠርና በበጀት ላይ ይጻፍ። ያልተቈጠረ ወጪ አይጠፋም፤ ወደ ደካማው ይወርዳል እንጂ።

የቀድሞው ፈኪና የቀድሞው የኔታ ሀብት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ማገዶ ብቻ ይዞ የመጣውን ልጅ አልመለሱም። እኛ ከእነርሱ የተሻለ ሕግ አለን፤ በበራችን ላይ ግን ከእነርሱ ያነሰ ምሕረት እንዳይኖረን መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።