ስለ ደብር መዝገብ

ኢዮቤልዩ የኀምሳኛው ዓመት በዓል እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሌዋውያን ምዕራፍ 25 ተጽፏል። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። ነገር ግን ሰው ይመለስ ዘንድ ርስቱ የትኛው፥ ወገኑም ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህም ያለ መዝገብ አይሆንም። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል ስማቸውን በትውልድ መዝገብ ፈልገው ያጡት ከክህነት እንደ ተከለከሉ በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 እናነባለን።

አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው የደብሩን ነገር በወንጌሉ ባዶ ገጽና ዳርቻ ይጽፉ ነበር፤ የፋቀውም የሰረዘውም ውጉዝ ይሁን ብለው በግዝት ያስሩታል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ በሰጡት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። በጎንደርም እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን በተከሉ ጊዜ ለካህናቱ የተሰጠው መሬት በመዝገብ ተጻፈ።

እንዲህ ያለው ጽሕፈት ግን ዕጣው ከመጽሐፉ ጋራ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘች ጊዜ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ተዘረፉ፤ 350 የሚያህሉትም ሎንዶን በሚገኘው ቤተ መዘክር ገቡ። መጽሐፉ ሲሄድ በዳርቻው የተጻፈው ታሪክም አብሮ ሄደ።

በዚያው በእንግሊዝ አገር ቶማስ ክሮምዌል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1538 ዓ.ም. እያንዳንዱ ደብር የተጠመቀውን፥ የተጋባውንና የተቀበረውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዘ። በ1598 ዓ.ም. ደግሞ በወረቀት ያለው እንዳይጠፋ ወደ ብራና እንዲገለበጥ ታዘዘ። ልዩነቱን ልብ እንበል፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የተጻፈው መሬቱና ንዋየ ቅድሳቱ፥ የሰጪውም ስም ነው። የድኻው ሕፃን የክርስትና ስም ግን በክርስትና አባቱና በነፍስ አባቱ ልብ ይቀመጥ ነበር፤ እነርሱ ሲያርፉ ስሙም አብሮ ያልፋል።

መንግሥት ልደትን፥ ጋብቻንና ሞትን በአገሩ ሁሉ መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ለብዙ ሰው የልደቱ ምስክር ከደብር የተሰጠው የክርስትና ወረቀት ነበር።

ይህ ነገር ይልቁንም የልደታንና የጌጃ ሰፈርን ሰው ይመለከታል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አውራጃ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ዕድር የኖረ ጎረቤት ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትኗል። ቤቱ በፈረሰበት ስፍራ ለልጅ ልጅ "አያትህ ከዚህ ነበር" ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት አይገኝም፤ የደብሩ መዝገብ ብቻ ይመሰክራል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ የተጠመቀውን፥ ሥርዓተ ተክሊል የተፈጸመለትንና ያረፈውን ሁሉ ባለጠጋና ድኻ ሳትለዩ ጻፉ፤ መዝገቡንም ገልብጣችሁ ሁለተኛውን በሌላ ስፍራ አኑሩ። ምእመናንም በየቤታችሁ ያለውን የክርስትና ወረቀት አምጥታችሁ አስመዝግቡ፤ ከሽማግሌዎች አፍ ያለውንም ሳያልፉ ጠይቁ። የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩ ልጆቻችን ወገናቸውን ፈልገው እንዳያጡ ይሁን።

እግዚአብሔር የሁላችንንም ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ አሜን።