የቀለብ ሂሳብ ያወረደው መንግሥት

አባቴ ሒሳብ የተማረው ከህንዳዊ መምህር ነው። የእርሱ እኩዮች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይዘው የቆሙት ህንዶች ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም። የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራንና ባለታክሲዎች ሥራ ባቆሙበት ሰሞን፣ እኒያ መምህር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለተኮለኮሉት ተማሪዎች «በእኛም አገር እንዲሁ ሆኗል፤ ያውም ነገሩ የተነሣው ከወጥ ቤት ነው» አሏቸው። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አባቴም ይህችን ወሬ ባወጋ ቁጥር የሚጨርሳት በሳቅ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ ማጣራት እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ቆይቼ ሳገላብጥ ደረስኩበት፤ መምህሩ እየቀለዱ አልነበረም።

ወጥ ቤቱ የሚገኘው በህንድ ምዕራብ፣ በጉጃራት ግዛት፣ በአህመዳባድ ከተማ ነው። አህመዳባድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ማሕተመ ጋንዲ በ1930 የጨው ጉዞውን የጀመረውም ከዚያው፣ ከሳባርማቲ ወንዝ ዳር ካለው መኖሪያው ተነሥቶ ነው። (ከዚህ በኋላ ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እሄዳለሁ።) እንግሊዝን ለመገዳደር ጨውን የመረጠ ሰው የወጥ ቤትን ጉልበት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዲሴምበር 20 ቀን 1973 በከተማዋ የኤል ዲ ምህንድስና ኮሌጅ አዳሪ ተማሪዎች የቀለብ ክፍያ በመቶ ሃያ ተጨመረባችሁ ተባሉና አመፁ። እንግዲህ የአዳሪ ተማሪ የቀለብ ጠብ በየትም አገር ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰሃን ተሰብሮ፣ ጥቂት ልጆች ተባረው ያበቃል። ይሄኛው ግን አላበቃም። በጃንዋሪ መጀመሪያ ወደ ጉጃራት ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ፖሊስ ገባ፤ ዱላው ያላነሣሣውን ተማሪ እስሩ አነሣሣው።

ለምን አላበቃም? ምክንያቱ የተማሪው ሂሳብና የእናቱ ሂሳብ አንድ መሆኑ ይመስለኛል። ህንድ በ1971 ከፓኪስታን ጋር ተዋግታ፣ ከዛሬይቱ ባንግላዴሽ የፈለሱ ሚሊዮኖችን አብልታ፣ በማግሥቱ ድርቅ ተመትታለች። በ1973 መጨረሻ ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነካ። እህል ተወደደ፤ ከእህሉም በላይ የኦቾሎኒ ዘይት ተወደደ። ለጉጃራት ሴት የኦቾሎኒ ዘይት ማለት ለእኛ ቤት በርበሬ እንደ ማለት ነው። የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ቺማንባይ ፓቴል ከዘይት ነጋዴዎች ለፓርቲው የምርጫ ገንዘብ ተቀብለው ዋጋውን ለቀቁላቸው የሚል ሐሜት በየቤቱ ገባ። ሐሜቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ምጣድ ጣደው ዘይት ላጡ ሰዎች ማስረጃው ምጣዱ ነበር። ሕዝቡ «ቺማን ሌባው» አላቸው።

የሚገርመው ሰውየው ለተማሪ ባዕድ አለመሆናቸው ነው። የምጣኔ ሀብት መምህር ነበሩ፤ በወጣትነታቸውም በባሮዳ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። ሥልጣን ከያዙ ገና መንፈቃቸው ነበር። ፓርቲያቸው ኮንግሬስ በ1972 ምርጫ ከ168 መቀመጫ 140ውን የወሰደ ነውና በቁጥር የሚነቀንቃቸው አልነበረም።

ተማሪዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው «ናቭኒርማን» አሉት፤ እንደ አዲስ መገንባት ማለት ነው። መምህራን፣ የባንክ ጸሐፊዎች፣ ጠበቆች ተከተሉ። የቤት እመቤቶች በየደጃፋቸው ወጥተው ሰሃን እየደበደቡ የመንግሥቱን መርዶ ነገሩ። ሱቅ ተዘረፈ፤ አውቶቡስ ተቃጠለ። ይህንንም መደበቅ አይገባም፤ ልጆቹ ሁሉ የጋንዲ ደቀ መዝሙር አልነበሩም። ጃንዋሪ 28 ቀን አህመዳባድ በጦር ሠራዊት እጅ ገባች። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1974 ፓቴል ወረዱ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን ሊያቆሙ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው። መምህሩ ለተማሪዎቹ የነገሯቸው ትኩስ ወሬ ነበር።

ተማሪዎቹ ሰውየው ብቻ አይበቃንም፣ ምክር ቤቱም ይፍረስ አሉ። የምክር ቤት አባላቱን በየቤታቸው እየሄዱ ልቀቁ ይሏቸው ጀመር፤ ወደው የለቀቁም ፈርተው የለቀቁም ነበሩ። ሽማግሌው ሞራርጂ ደሳይ ምክር ቤቱ ካልፈረሰ እህል አልቀምስም ብለው ጾም ያዙ፤ በማርች አጋማሽ ፈረሰ። እስከዚያው መቶ ያህል ሰው ሞቷል።

አሁን አንዲት ነገር ላስታውስ። በዚያ ዘመን በህንድ ለመምረጥ ሃያ አንድ ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ምክር ቤት ካፈረሱት ልጆች ስንቶቹ ያንን ምክር ቤት መምረጥም ሆነ አለመምረጥ የማይችሉ ነበሩ! ድምፅ አልነበራቸውምና ጮኹ ቢባል ስድብ አይሆንም።

እሳቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቢሀር ተሻገረ። ማርች 18 ቀን የፓትና ተማሪዎች ምክር ቤቱን ከበቡ። የሚመራቸው ሽማግሌ ፈልገው ከፖለቲካ ርቀው ወደ ተቀመጡት የነፃነት አርበኛ ወደ ጃያፕራካሽ ናራያን ሄዱ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ እሺ አሉ። ሰኔ ወር ላይ በፓትናው የጋንዲ ሜዳ «ፍጹም አብዮት» ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፦ ሰኔ 1975 ፍርድ ቤት የኢንድራ ጋንዲን መመረጥ ሻረ፤ እርሳቸውም በዚያው ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ተቃዋሚዎቻቸውን ናራያንን ጨምሮ አሰሩ፣ ጋዜጣውን አፈኑ። በ1977 ምርጫ ሲጠሩ ተሸነፉ፤ ያ ጾመኛ ሽማግሌ ደሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይላል። ብዙ ጸሐፊዎችም ያቆሙታል። እኔ ግን ልጆቹ ምን ሆኑ ብዬ ተከተልኩ።

ከፓትና ተማሪዎች መሪዎች አንዱ ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ የሚባል የድኻ ልጅ ነበር። ታስሮበት በነበረው የጸጥታ ሕግ ምኅፃረ ቃል ሴት ልጁን «ሚሳ» ብሎ ሰየማት። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የፓርላማ አባል፣ በ1990 የቢሀር ዋና ሚኒስትር ሆነ። የተናቀው ጎሣ ቀና ብሎ እንዲሄድ አድርጓል ይሉታል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለከብት መኖ የወጣ የመንግሥት ገንዘብ ጠፋ ተብሎ በ1997 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ2013ም ተፈረደበት። የሰው ቀለብ ያስነሣው ትግል ያፈራው ሰው በከብት ቀለብ ተያዘ።

ፓቴልስ? ከፓርቲያቸው ተባረው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1975 በጉጃራት አዲስ ምርጫ ተደርጎ ተቃዋሚዎች ሲያሸንፉ መቀመጫ አነሳቸውና መንግሥት የመሠረቱት በእኒሁ በፓቴል ሰዎች ድጋፍ ነበር። ተማሪዎቹ በዚያን ጊዜ ወደ ፈተናቸው ተመልሰዋል። አውራዎቻቸው ሹመት አልፈለጉ ይሆናል፤ ሹመት የሚፈልጉት ግን አልጠፉም።

የመምረጫ ዕድሜ ወደ አሥራ ስምንት የወረደው በ1989 ነው። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ጉጃራት ምክር ቤቷን መረጠች፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ለዚያ ምክር ቤት ሲመርጡ የመጀመሪያቸው መሆኑ ነው። በ1974 የሁለት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። ማርች 4 ቀን 1990 ቺማንባይ ፓቴል እንደገና ዋና ሚኒስትር ሆነው ማሉ፤ በ1994 እስኪሞቱም ከወንበሩ የነቀላቸው የለም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ አወጋሁት። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ዝም ብሎ ቆየና «ያኔ ያወረዷቸው ልጆች ስንት ዓመታቸው ነበር አልከኝ?» አለኝ።